ግፊት የማይችለው ሞተርህ

የኔ ፈንታሁን፣ አካሌ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባብን። ዘንድሮ የእስራኤሏ በረሃ ቤር ሼቫም ዝናብ አየች፤ የሰፈራችን የዩድ አሌፍ መኪና ማቆሚያ ባሕር ሆኖ ነበር የሰነበተው። ሊፍቱ እንደ ድሮው አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቆማል። እኔ ያው ጽዳቱ ላይ ነኝ። ልጃችን ኦስናት ከጦሩ ወጥታ አንተ በነበርክበት ጋራዥ፣ ከጓደኛህ ከኤሊ ጋር ትሠራለች። እጇ ያንተን እጅ መስሏል፤ ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር በሳሙና አይለቅም።

ደህና ነን ብዬ ላበቃው በወደድኩ። ግን የሆነውን ልደብቅህ አልችልም። ነገሩ ስለ መኪናህ ነው፣ ስለ ወንድምህ ልጅ ስለ ጋዲም።

ያንን ሞተር ስትሠራ ትዝ ይልሃል? የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትተህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመህ አመጣኸው፤ በረንዳው ላይ አስቀምጠህ፣ አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን ቀዳዳ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ስንት ሳምንት ከረምክ። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት እኔ ስቆጣ፣ አንተ ጣቴን ይዘህ ወደ ቀዳዳው አስገባህና «ንኪው እስቲ፣ እንደ ሕፃን ድድ አልለሰለሰም?» አልከኝ። እውነትህን ነበር። ሌላው ሰው መኪናው እንዲፈጥን ሲፈልግ አየር በግድ የሚነፋ ቱርቦ ይገጥማል። አንተ ግን «ሞተር ራሱ ይተንፍስ፤ የእኔ ሥራ መንገዱን መክፈት ነው» ትል ነበር። ቴስታታውን በማሽን አስላጭተህ አየሩ ይበልጥ እንዲታመቅ አደረግህ፤ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ ቀየርህ፤ የጭሱን ቧንቧ ከኤሊ ጋር በየዳችሁ። ገጥመህ ስትጨርስ የዖሜርን ዳገታማ መንገድ ይዘን ወጣን። ትልልቆቹን መኪኖች ስናልፍ ወንበሩን ጨምድጄ ይዤ ስጮኽ አንተ ትስቅ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁህም።

ጋዲ ያንን መኪና መመኘት የጀመረው ገና ሳትሞት ነው። ኩላሊትህ አልሠራ ብሎ ሆስፒታል ሳለህ ወይን ይዞ መጣ። ወይኑን ራሱ እየበላ ስለ ቱርቦ ጠየቀህ። መርፌው ክንድህ ላይ ተሰክቶ፣ ትንፋሽህ እየተቆራረጠ፣ «ጋዲ፣ ያ ሞተር ግፊት አይችልም። ጨምቄ ነው የሠራሁት፤ አየር በግድ ከነፋህበት ፒስቶኑ ይሰበራል» አልከው። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። እሱም «እሺ፣ ዶድ» አለ፣ «እሺ፣ አጎቴ» ማለቱ ነው።

ስታርፍ የሰባቱን ቀን ሐዘን፣ ሽብዓ ተቀምጠን፣ እናቶች ገና እያለቀሱ ሳለ፣ ከታች የሞተር ጩኸት ሰማሁ። በመስኮት ባይ ጋዲ ከቤት ቁልፉን ወስዶ፣ የመኪናህን ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን ለጓደኞቹ ያስጮኻል፣ እነሱ ያጨበጭባሉ። ያኔ ነው መጀመሪያ የተጸየፍኩት። ኦስናት ወርዳ ቁልፉን ነጠቀችው። ግን ሰው ደካማ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ «ቆሞ ባትሪው እንዳይሞት እኔ ላንቀሳቅሰው» ሲለኝ፣ ደምህ ነው ብዬ ሰጠሁት።

የመለሰው በጎታች መኪና አስጎትቶ ነው። ዘይት እያንጠባጠበ መኪና ማቆሚያው ላይ ጥሎት ሄደ፤ ደረጃውን ወጥቶ እንኳ አልነገረኝም። ኦስናትና ኤሊ ሞተሩን ሲከፍቱት የሦስተኛው ፒስቶን አናት ተሰንጥቆ አገኙት። የቱርቦው ቧንቧ የታሰረበት ምልክት ገና አዲስ ነው፤ ቱርቦውን ግን ፈትቶ ወስዶታል። ማስረጃ ሲደብቅ መሆኑ ነው!

ይህንንም ዋጥኩት። ያልዋጥኩት የዓመት ተዝካርህ ቀን የሆነውን ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌያችን አባባ ይርጋ ዳቦውን ባርከው እየቆረሱ ሳለ አንዱ ስለ መኪናህ አነሣ። ጋዲ አፉን በናፕኪን ጠረገና፣ እንደ ማዘን ብሎ፣ «ሓባል፣ ያሳዝናል። ዶድ ጎበዝ ነበር፤ ግን ያ ሞተር ሥራው ደካማ ነበር። በእጄ ላይ ፈረሰ» አለ። ቤቱ ውስጥ ያሉት አምነውት ራሳቸውን ነቀነቁ። በቤትህ፣ እንጀራህን እየበላ!

ተነሥቼ በረንዳ ሄድኩ። ኦስናት በፌስታል ያስቀመጠችውን የተሰነጠቀ ፒስቶን አውጥቼ አምጥቼ በጋዲ ሳህን አጠገብ አኖርኩት። ዘይቱ ነጩን ጨርቅ አበላሸው።

አባባ ይርጋ «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ፈንታሁን የሠራውና ጋዲ የሰበረው ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ሆስፒታል የነገርከውን ቃል በቃል ተናገርኩ። ኦስናትም ስለ ቱርቦው ያየችውን ጨመረች።

አባባ ወደ ጋዲ ዞሩ። «ነግሮህ ነበር?»

ጋዲ እኔን ሳያይ፣ በዕብራይስጥ፣ «ሎ ዞኼር» አለ። አላስታውስም!

ሰውን በመሳሳቱ አልጠላም። መስበርም ያጋጥማል። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ትንፋሹን ቆጥቦ የነገረውን «አላስታውስም» ማለትን ግን እጸየፋለሁ።

አባባ ቢላውን አስቀመጡ። «ተነሣና ሂድ፣ ልጄ። ዛሬ እዚህ የሚበላው ስለ ፈንታሁን ነው» አሉት። ሄደ። ማንም ተከትሎ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በሬን አንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አይቼው፣ ሽቶው በበሩ ሥር ሲገባ አፍንጫዬን ይዤ ቆምኩ፤ አልከፈትኩለትም። ዘመዶች «ይቅር በይው» ይሉኛል። ምናልባት አንድ ቀን። ግን መጀመሪያ በዚያው ሁሉ ሰው ፊት «ነግሮኝ ነበር» ይበል።

ቴስታታህ ተርፏል። ኦስናት አሮጌ መኪና ቆራርጠው ከሚሸጡ ሰዎች የዚያው ዓይነት ሞተር አግኝታ፣ ያንተን ቴስታታ ገጠመችበት። ባለፈው ሳምንት አስነሥታው በዖሜር መንገድ እንደ አንተው ይዛኝ በረረች፤ ዳገቱ ላይ ጮኽኩ። ከዚያ መንገድ ዳር አስቁሜያት አለቀስኩ፤ እሷም መሪውን ይዛ አለቀሰች።

ፈንታሁን፣ ቃሌን ስማ። ተዝካርህ በመጣ ቁጥር እጅህ የሠራውን እናገራለሁ፤ ማን እንደሰበረውም አልሸፋፍንም። ስምህ በዚህ ቤት በሐሰት አይነሣም። የወንድሙ ልጅ ነው፣ ደሙ ነው፣ እለፊው ይሉኛል።

እኔ ደግሞ ሚስትህ ነኝ።

ዝናሽ