በአስፋልቱ ላይ የቀረው ድንጋይ

ካላንታን፣ ኢሳቤላ፣ ፊሊፒንስ
ኖቬምበር 23፣ 2014

ለምወድሽ ልጄ ለሮዌና፣

መርዶው በደረሰኝ ቀን እየሳቅኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ስለጠቆረ፣ አስፋልቱ ላይ ያሰጣነውን ሩዝ እየተሯሯጥን ጠርገን ጆንያ ውስጥ ከተትነው። የጎረቤቶቻችን ግማሹ ረጠበ፤ የእኛ ግን አንድ ፍሬ አልረጠበም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ጎረቤታችን ታታ ኢስቶ መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም፣ የሰነፍ ሩዝ ስንት ጆንያ ረጠበ ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር።

«ፌሊ፣ ጫማሽን አድርጊ» አለኝ።

ወንድምሽ ናርዶ ከተማ ካለው ጋራዥ ወጥቶ ወደ ቤት እየመጣ ነበር። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ያብለጨልጭ ነበር። ከድልድዩ ወዲህ፣ ለቤታችን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሞተር ሳይክሉ ድንጋይ መትቶ ወደቀ። ከፊት ለፊቱ ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር ረጅም መብራቱን እንዳልቀነሰ ራሱ እያለቀሰ ለፖሊስ ተናግሯል። ስደርስ የናርዶ እጅ ገና ይሞቅ ነበር።

ይህን በስልክ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ አለ። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ስለሚተሳሰር ነው ለመጻፍ የተነሳሁት። ከአራተኛ ክፍል ለወጣች ሴት ብዕር ከባድ ነው፤ ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ምሽቴ ነው።

እዚያ ሰው አገር አብራሽ የምትሠራው ሎርና ለታታ ኢስቶ ልጅ ደውላ ነበር። የምትጦሪያቸውን አሮጊት እያጎረስሽ አንቺ ግን እህል እንደማትቀምሺ ነገረችን። «የገደለው የሄልሜቱ ጥቁር መስታወት ነው፣ የላክሁለት እኔ ነኝ» እያልሽ እንደምታለቅሺም ነገረችን። እኔንም ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል፤ የሄልሜቱ መስታወት ፊቱ ላይ ወርዶ ነበር ወይ ብለሽ።

አልወረደም፣ ልጄ። ወደ ላይ ተገፍቶ ነበር። ሄልሜቱን ከራሱ ላይ ያወለቅኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እኔን እመኚኝ፤ ዳግመኛም አትጠይቂኝ።

እንዴት እንደወደደው ግን ልንገርሽ። ዕቃው የደረሰ ቀን አድርጎት እራት ቀረበ። አውልቀህ ብላ ብለው፣ «እማ፣ ፊቴ ካልታየሽ ስንቴ እንደደገምኩ አትቆጥሪም» አለኝ። መስታወቱን ገፋ አድርጎ ይጎርስና መልሶ ይዘጋዋል። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። አንቺ የላክሽው ለቀን ፀሐይ አስበሽለት ነው፤ ይህን እሱም ያውቅ ነበር።

አሁን የእኔን ስሚ። ሩዝ ስናሰጣ ጎማ እንዳይረግጠው ጠርዙ ላይ ድንጋይ እንደምንደረድር ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሆነሽ አንቺም ደርድረሻል። ያን ቀን ዝናቡ ሲደርስብን ታታ ኢስቶ ከወዲያ ማዶ «ድንጋዩስ?» አለኝ።

«ነገ መልሰን እናሰጣ የለ? ድንጋይ አይበሰብስ» አልኩት።

ሩዙን አስገባሁ፤ ድንጋዩን ተውኩት።

ፖሊሱ ባትሪውን ሲያበራ ድንጋዩን አወቅኩት። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና የጋዝ ምድጃ የገዛልን ጊዜ ካወጣናቸው ጉልቻዎች አንዱ ነው። አንድ ጎኑ እስከ ዛሬ ጥላሸት አለበት። ያ ጥቁሩ ጎን ናርዶ ወደሚመጣበት ዞሮ ነበር። በዚያ ላይ የመኪናው መብራት ዓይኑን ሲመታው እንዴት አድርጎ ይየው? ፖሊሱ ድንጋዩ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። እኔም ዝም አልኩ።

ሩዙን በዘጠኙ የጸሎት ቀናት ለለቀስተኛው ቀቀልነው። ሰው ሁሉ ጣፋጭ ነው አለ። የናርዶን ድርሻ በሳህን አድርጌ ከፎቶው ፊት ያስቀመጥኩትም ከዚያው ነው። እኔ አልቀመስኩትም።

አሁን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅርጫቴን ይዤ እስከ ድልድዩ እሄዳለሁ። የእኔንም የሰውንም ድንጋይ ከመንገዱ አነሳለሁ። የሰፈሩ ልጃገረዶች «ናና ፌሊ፣ ቤተ ክርስቲያን ልታሠሪ ነው እንዴ?» ይሉኛል፤ እነሱ ምን ያውቃሉ። የሚያውቀው ታታ ኢስቶ ብቻ ነው። መጀመሪያ፣ ድንጋይ የማይተው ሰው የለም፣ የአንቺ ብቻ አይደለም ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ልጄ የወደቀው ግን በእኔው ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጋሪውን እየገፋ ከኋላዬ ይመጣል። 

ሄልሜቱን ለታታ ኢስቶ ልጅ ሰጠሁት፤ ልጁም ከከተማ እያመሸ ነው የሚመጣው። ጥቁሩን መስታወት ግን ነቅዬ ከጓሮው ሙዝ ሥር ቀበርኩትና ጋራዥ ሄጄ ጥርት ያለ ነጭ አስገጠምኩለት። ሌላ ምክንያት የለውም። እንዲሁ ነጩ ደስ ስላለኝ ነው።

ልጄ፣ ጥፋቱን ከትከሻሽ አውርጂው፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ። እኔ አርጅቻለሁ፣ እሸከመዋለሁ። አንቺ ብዪ። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ተነሽና ትንሽ ነገር ቅመሺ። ሁለት ልጅ መቅበር አልችልም።

ይህን ደብዳቤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጓደኞችሽ አንብቢላቸው። ሰው ምን ይላታል ብለሽ አትፈሪልኝ፤ ልደብቀው ብል ኖሮ አልጽፈውም ነበር። የእነሱም እናቶች መንገድ ላይ ያሰጣሉ፤ የእነሱም ወንድሞች በጨለማ ወደ ቤት ይመጣሉ። ሩዙ ይርጠብ፣ ድንጋዩን ግን አንሱ ብለው ለቤታቸው ይጻፉ።

እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቅሽ። እህሉን ከጉሮሮሽ ያውርድልሽ። በደህና መልሶ ደጄ ላይ ያቁምሽ፤ ስትመጪም በቀን ያምጣሽ።

እናትሽ
ፌሊሲዳድ

ይህን የምትሰሙ ልጆቼ፣ የሮዌና ወንድም ስሙ ሊዮናርዶ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ቤቱ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የቀረውን መንገድ ብርሃን እንዲያደርግለት ጸልዩለት።