ስለ ወይዘሮ ማሃላ ራውንትሪ እና ስለ ላይኛው መስኮት

ለእህታችን ለወይዘሮ ማሃላ ራውንትሪ ሞት ተጠያቂዋ የፕሬዚዳንቱ የእህት ልጅና የቤታቸውን ግብዣ የሚመሩት ወይዘሮ ኦገስታ ፔልሃም መሆናቸውን የልብስ አጣቢና ሰፊ ሴቶች እድር በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። እህታችን በሳንባ በሽታ፣ በአርባ አራት ዓመታቸው፣ የካቲት ሦስት ቀን አርፈዋል።

ወይዘሮ ማሃላ ከባርነት ወጥተው ወደ ዋና ከተማው የመጡት ባሪያዎችን ነጻ ባወጣው ጦርነት ማግስት ነው። በፕሬዚዳንቱ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሰፍተዋል። ይህን ማስታወቂያ የምትጽፈውን የእድሩን ጸሐፊ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ፊደል ያስቆጠሯትም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ኅዳር የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ልጃቸውን ቀብረው ወደ አባታቸው ቤት ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ይህ ቢታወቅ በቤቱ በየማክሰኞው የሚደረገውን ግብዣ መምራት ከወይዘሮ ኦገስታ ወደ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሚስት ያልፍ ነበር። በዚያ ግብዣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የምትወስን ሴት፣ ማን እንደሚሾምም ትወስናለች። ስለዚህ ወይዘሮ ኦገስታ፣ እመቤቲቱ ሐዘን ላይ ስለሆኑ ከፎቅ አይወርዱም ብለው አስወሩ።

ከታኅሣሥ ጀምሮ እህታችን በየማክሰኞው የእመቤቲቱን የሐዘን ልብስና ጥቁር ዓይነ ርግብ ለብሰው በላይኛው መስኮት እንዲቀመጡ ታዘዙ። ብርሃን ፊታቸውን እንዳይገልጥ በክፍሉ እሳት አይነድም ነበር። ከሠረገላ የሚወርደው ሁሉ ቀና ብሎ እጅ ይነሳል። በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ «ሚኒስትሩ ባርኔጣውን አነሳልኝ፤ ያው ሰውዬ ቅዳሜ ገበያ ላይ በክርኑ ገፍትሮኝ አለፈ» ብለው አስቀውናል። ሳቃችንን ያቋረጠው ሳላቸው ነው።

በጥር ወር ብርዱ አጥንታቸው እንደገባ ለወይዘሮ ኦገስታ አመለከቱ። የተሰጣቸው መልስ፣ «ሐዘንተኛ ቢንቀጠቀጥ ማን ይገረማል? አርፈሽ ተቀመጪ» የሚል ነበር።

የቀብራቸው ዕለት ማክሰኞ ነበር። በዚያ ቤት አጥር ስናልፍ እንግዶቹ ወደ ላይ እጅ ይነሱ ነበር። ቀና ስንል ዓይነ ርግቡ በመስኮቱ አለ። ሣጥኑ ከፊታችን ባይሄድ ኖሮ ማሃላ ናቸው ባልን ነበር።

በማግስቱ ያው ዓይነ ርግብ ታጥቦ እንዲመለስ ተላከልን። አብሮት የመጣው ወረቀት፣ ወንበር ላይ ብቻውን ሲሰቀል ነፋስ ስለሚያነሳው በማሃላ ቁመት ያለች ሴት እንድንልክ ያዛል። ወረቀቱን ያነበበችው ይህች ጸሐፊ ናት። ቁመቷ ከእህታችን እኩል ነው።

ለባለቤታቸው ለአቶ ኦባድያ ራውንትሪ፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸውና አብረዋቸው በመርፌ ለደከሙ ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንላለን።

ዓይነ ርግቡ ሳይታጠብ ተመልሷል። እድሩ ከእንግዲህ የዚያን ቤት ልብስ አያጥብም፣ ሴትም አይልክም። ይህች ጸሐፊም በዚያ ወንበር አትቀመጥም።