ምስማር ላይ የቀረው ቱቦ፦ የጋሽ ቱቦ የሕይወት ታሪክ

ብዙዎቻችሁ «ጋሽ ቱቦ» እያላችሁ የምትጠሯቸው መካኒክ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሰኔ 3 ቀን 1947 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሠፈር ተወለዱ። ገና ፊደል ሳይለዩ የእናታቸውን የስፌት መኪና ፈትተው መልሰው ገጠሙት። አንዲት ብሎን ግን ተረፈች። እናታቸው ብሎኗን በቆርቆሮ ጣሳ ከቁልፎች ጋር አስቀምጠው፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ልጄ እኮ የማያስፈልገውን አወጣልኝ» እያሉ ያስቁባት ነበር። የስፌት መኪናው ያለዚያች ብሎን ብዙ ዘመን አገለገለ። ጋሽ ቱቦ በኋለኛው ዕድሜያቸው ይህን ታሪክ ሲያነሱ አይስቁም ነበር። «ያን ጊዜ ቆሞባቸው ቢሆን ጥሩ ትምህርት ይሆነኝ ነበር» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ በ1966 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክነት ተመረቁ። በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ የነዳጅ ፓምፕ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠሩ። በ1973 ዓ.ም. ከስልክ ኦፕሬተሯ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው እናትና አባት የሌለውን ታናሽ ወንድማቸውን ያሳድጉ ስለነበር እሱም አብሮ ወደ ጎጆው ገባ። ጋሽ ቱቦ ሚስት አግብተው ልጅ በምራቂ አገኙ ተባለ። አማቻቸው በሩጫው የተነሣ ከሕፃንነቱ «ጥይቱ» ይባል ነበር። መንዳት ያስተማሩት፣ በኋላም የኮንትራት መኪና እንዲገዛ የረዱት ጋሽ ቱቦ ናቸው። እሱም እንደ አባት ያያቸው ነበር።

በ1985 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ተርቦ ያላቸውን መኪኖች ጉልበት በመጨመር ስማቸው ከከተማ አልፎ ተሰማ። በ1998 ዓ.ም. ጥይቱ ተርቦ ያላትን አሮጌ መኪናውን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ጋሪ ሁሉ እየቀደመኝ ተሳፋሪዎቼ ወርደን እንግፋ ወይ ይሉኛል፤ አንድ ይበሉኝ እንጂ» አላቸው።

ተርቦ ወደ ሞተሩ አየር አጭቆ ያስገባል። አየሩ ከተጨመረ ነዳጁም በዚያው ልክ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ በጭንቅ ሰዓት ይራባል። ጋሽ ቱቦ ይህን ስለሚያውቁ ታንኩ ውስጥ ያለውን ፓምፕ በጠንካራ ፓምፕ ለወጡ። ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በሰፋፊ ተኩ፤ ማጣሪያውንም አዲስ አደረጉ። የቀረው ፓምፑን ከታንኩ መውጫ ጋር የሚያገናኘው አጭር ቱቦ ብቻ ነበር። ይህ ቱቦ ነዳጅ ውስጥ ተነክሮ ስለሚኖር ከውስጥም ከውጭም ነዳጅ የሚችል መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ደግሞ ገና ከአስመጪው አልደረሰም ነበር። መደርደሪያው ላይ ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ከውስጡ ብቻ ነዳጅ የሚችል ተራ ቱቦ ነበር። ጋሽ ቱቦ ልዩነቱን አሳምረው ያውቁታል። ጥይቱ ግን ሥራ ፈትቶ በሩ ላይ ይንጎራደዳል። «ለጊዜው ይሁን፣ ሲመጣ እቀይርልሃለሁ» ብለው ተራውን ገጠሙለት።

ትክክለኛው ቱቦ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ጋሽ ቱቦ ከመደርደሪያው አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀሉት። መኪናዋ እንደ ወፍ ትበር ነበርና፣ ጥይቱም ባለፈ ቁጥር ጥሩምባ እየነፋ ስለሚያመሰግናቸው፣ ዛሬ ነገ ሲሉ ቱቦው ምስማሩ ላይ ቀረ።

በ1999 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጥይቱ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሲቀድም ሞተሩ ድንገት ከዳው። ከፊት ሌላ መኪና ይመጣ ነበር። ሰው ላለመግጨት ከመንገድ ወጥቶ ከግንብ ጋር ተጋጨ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ያየም ያላየም «ፍጥነት ነው የቆረጠው» አለ። የእጮኛው ቤተሰቦች ልጃችንን ለእብድ ነጂ አንሰጥም ብለው ቀለበቱን መለሱ። ጥይቱ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም፤ ትዳርም አልያዘም።

የተጨፈለቀችው መኪና ተጎትታ ጋራዥ ስትደርስ ጋሽ ቱቦ ሠራተኞቹን ምሳ ሸኝተው ታንኩን ብቻቸውን ከፈቱ። ቱቦው እንደ ተነከረ ዳቦ ላሽቆ፣ በቁመቱ ተሰንጥቆ ነበር። ወደ ሞተሩ መሄድ የነበረበት ነዳጅ እዚያው ታንኩ ውስጥ ሲፈስ ነበር።

ሆስፒታል ሄደው ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ነገሩት። ጥይቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ጋሼ፣ ዝም ይበሉ» አላቸው። «ይሄ ከተሰማ ማን መኪናውን ያመጣልዎታል? እህቴና ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው? እኔ እንደሆንኩ ስሜ ድሮም ጥይቱ ነው።»

ጋሽ ቱቦ ተስማሙ። በመስማማታቸው ቀለላቸው፤ ስለቀለላቸው ግን ራሳቸውን ይቅር ሳይሉ ኖሩ።

ጥይቱ ክራንቹን ይዞ በጋራዡ የመለዋወጫ ዕቃ ጠባቂ ሆነ። ወንበሩ ከዚያ ምስማር ሥር ነበር። ደንበኞች «ጥይቱ ዛሬስ ስንት ትነዳለህ?» እያሉ ሲቀልዱበት ጋሽ ቱቦ አንገታቸውን ቀብረው ሞተር ውስጥ ይገቡ ነበር። ቤት ውስጥም ባለቤታቸው ወንድማቸውን «ቀስ ብትል ኖሮ ዛሬ የልጆች አባት ነበርክ» እያሉ ሲቆጡ፣ ጋሽ ቱቦ ከሳህናቸው ቀና አይሉም ነበር። አንድ ጊዜ አፋቸውን ሲከፍቱ ጥይቱ «ጋሼ፣ ጨዉን ያቀብሉኝ» ብሎ አቋረጣቸው። ጨዉ እፊቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተርቦው የተነካ መኪና ከታንኩ እስከ ኢንጀክተሩ ድረስ ተፈትቶ ሳይታይ ከጋራዡ አይወጣም ነበር። «ጉልበት ጨምሩልኝ ብዬ ብመጣ ታንኬን ፈተው ቱቦ ይፈልጋሉ!» ያለ አንድ ባለታክሲ ነው ጋሽ ቱቦ ያላቸው። ስሙ ተወደደ፤ ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም አቤት አሉበት። ምስማሩ ላይ ያለውን ቱቦ «ይሸጣል ወይ?» ለሚል ሁሉ ግን መልሳቸው «አይሸጥም» ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ሕመሙ ሲበረታ ባለቤታቸውን ጠርተው ሁሉንም ነገሯቸው። ባለቤታቸው ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ወደ ወንድማቸው ክፍል ሄደው በሩን ዘጉ፤ ሲወጡ ዓይናቸው አብጦ ነበር። በማግሥቱ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ምሳ በሉ።

ጋሽ ቱቦ ይህን ጽሑፍ እንድታዘጋጅ ለታናሽ ሴት ልጃቸው አደራ ሲሰጡ፣ «ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይነበብ፤ የቱቦው ጉዳይ ካልገባበት ስሜንና ዕድሜዬን ጽፋችሁ ቅበሩኝ» ብለዋል። ጥይቱ ስንላቸው የኖርነው አማቻቸው ግን ማንም እንዲሰማ አልፈለጉም ነበር። ትናንት ጽሑፉ ተነበበላቸው። ክራንቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «እሺ፣ ይነበብ። ግን ጎደሎ ነው። ያን ዳገት ሰው ሞልቼ በአራተኛ ማርሽ ነበር የምወጣው፤ እሱም የጋሼ ሥራ ነው። እሱንም ጻፉ።»

እነሆ ተጽፏል።

ጋሽ ቱቦ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከሁሉም ጋር ዛሬ በሳጥናቸው ራስጌ የቆሙት አማቻቸው አሉ፤ እብድ ነጂ ሆነው አያውቁም። ከዚህ ስንመለስ ቱቦውን ከምስማሩ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው።

በሕይወት ሳሉ ዕረፍት ያጣች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በምሕረቱ ያሳርፍልን። የተሸከመላቸውንም ሰው ቀሪ ዘመን ይባርክ።