ማንደጃ ዳር የሞቀው የጆሮ መስሚያ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአቶ ኃይለመስቀል፤ ባለህበት በጀርመን አገር።

እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? ጤናህ፣ ጉልበትህ፣ ብርድ ሲገባ የሚነሣብህ የወገብ ሕመም እንደምን ይዞሃል? ባለቤትህ ጤቤ ደኅና ናት? ልጆቻችሁስ? በእናንተ ዘንድ በረዶው መውረድ ጀመረ ወይ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና እኔም ባለቤቴ ሠርከአዲስም፣ ከብቱም ገብሱም ደኅና ነን። የቶጎና ወንዝ ክረምቱን ሞልቶ ሲያስፈራራን ከርሞ አሁን ልጅ የሚሻገረው ሆኗል፤ የሳነቴም ጉም ከደጃችን ተነሥቶ ወደ ተራራው ተመልሷል። ናፍቆታችንን ልጻፈው ብል ወረቀቱ ስለማይበቃኝ የጎደለውን አንተ በልብህ ሙላው።

በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም የላክሃቸው ሦስት ደብዳቤዎች በደኅና ደርሰውኛል። በሦስቱም ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ «መስሚያው እንዴት ነው? እትዬ ሠርኬ ትሰማለች ወይ?» የሚል። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ለባላገሩም ለሹሙም መልስ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ለገዛ ወንድሜ መልስ አጣሁ። ብዕሩን አነሣለሁ፣ ሰላምታውን እጨርሳለሁ፣ እዚያ ጥያቄ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ልቤ ስላረፈ ሁሉንም እንደ ሆነው እነግርሃለሁ።

የሠርከአዲስ ጆሮ መክበድ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት እንደ ነበር ጽፌልህ ነበር። ያልጻፍሁልህ ነገር ግን አለ። ጎረቤታችንን ሞሚናን ታስታውሳታለህ፤ ከሠርከአዲስ ጋር በአጥሩ ላይ ተደግፈው ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ሲያወጉ ጀምበር የምትጠልቅባቸው። ሠርከአዲስ መስማት ሲያቅታት ሰው የነገራትን ሁሉ በፈገግታ መቀበል ጀመረች። አንድ ቀን ሞሚና ባሏ በጠና መታመሙን ብትነግራት የኛዋ በፈገግታ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። ሞሚና አልተቀየመችም፤ ሠርከአዲስ ግን ነገሩን ኋላ ስታውቅ ከኀፍረት የተነሣ ወደ አጥሩ መሄድ ተወች። እኔም ቤት ውስጥ ከመጮህ ብዛት ድምፄ የቁጣ ድምፅ እየመሰለ ስለሄደ ዝምታን መረጥሁ። በጽሑፍ እንዳላወጋት ዓይኗም ደክሟል። ሁለት ሽማግሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ለየብቻችን አረጀን።

በሰኔ መጀመሪያ መስሚያህ ደረሰ። የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሣጥን፣ ከእርሷ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ፣ በሽቦው ጫፍ ላይ ጆሮ ውስጥ የምትገባ ፍሬ። ሠርከአዲስ ሣጥኗን ከነጠላዋ ሥር ደረቷ ላይ አንጠልጥላ መዘውሯን ብታዞር ክው ብላ ቀረች። «ውሃው ይፈላል» አለችኝ፤ እውነትም እሳት ላይ የተጣደው ድስት ይንተከተክ ነበር። ቀጥላ «ከእንግዲህ ስታጉረመርም ተጠንቀቅ» ብላኝ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አጥሩ ወጣች። ዘጠኝ ቀን ከዚያ አልጠፋችም። ሞሚና «ሠርኬ፣ የአራት ዓመት ወሬ በአንድ ሳምንት አታስጨርሺኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ!» እያለች ስታማርር በመስኮት እሰማትና ብቻዬን እሥቃለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። አንተ ከዕቃው ጋር በላክሃት ወረቀት ላይ «ከእርጥበት ጠብቁት» ብለህ ነበር። ያን ትልቁን ሬዲዮናችንን ታስታውሳለህ፤ በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. የገዛነውን፣ ዳንቴል የለበሰውን። የጎባ ጉም ሲገባበት ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ይታፈን ነበር። እኛም ጀርባውን ከፍተን ፍሙ በረድ ያለለትን ማንደጃ እናስጠጋለታለን፤ ቫልቮላ የሚባሉት የመስታወት አምፖሎቹ እርጥበታቸው ሲደርቅ ከውስጥ ብርቱካን ብርሃን ይይዙና ቀስ እያለ ድምፁ ይመጣል። ያ ብርሃን እስከ ዛሬ በዓይኔ አለ። ድምፅ ከመሰማቱ በፊት በዓይን ይታይ የነበረበት ዘመን ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ክረምት በመጣ ቁጥር እንዲህ ስናደርግ ስለኖርን እኔ በበኩሌ የሚናገር ዕቃ ሁሉ ሙቀት ይወዳል ብዬ አምኜ ነበር።

ሠርከአዲስ ማለዳ ኪዳን ለማድረስ ስትሄድ ጠል እንዳይነካው ብላ መስሚያውን ለእኔ ትታ ትሄዳለች። እኔም አደራዬን ለመጠበቅ ማንደጃው ጠርዝ ላይ ጡብ አድርጌ በጨርቅ ጠቅልዬ ማሞቅ ጀመርሁ። በዐሥረኛው ቀን ጉሙ ከደጃፍ አላሳይ ስላለ ፍሙን ጨመርሁበት፤ መጽሐፍ ገለጥሁና በንባብ ተመሰጥሁ። ከንባቤ ቀና ብዬ ባይ ሣጥኗ ጎኗ ሰርጎ ጠምማለች። ፍሬዋን ጆሮዬ ውስጥ ብከት እንደ ንፋስ ሽው የሚል ነገር ተሰማኝ፤ ኋላም እርሱ ጠፋ። የባትሪ ድንጋዩን ለወጥሁ፤ ዝም ነው።

ሠርከአዲስ ተመልሳ አደረገችው። መዘውሯን አዞረች፣ አዞረች፣ ወደ እኔም አየች። እኔ እንጃ በማለት ራሴን ነቀነቅሁ። እሷም ቀስ ብላ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና «እንግዲህ ጆሮዬ ነዋ። ዘጠኝ ቀን መስማቴም ከእግዜር ነው» አለች። በዚያች ሰዓት እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። በአገሩ የተማረ፣ ያነበበ፣ አዋቂ እየተባልሁ በገዛ እጄ የሚስቴን ጆሮ ጠበስሁት ማለት አቃተኝ። አራት ወር ሙሉ ሞሚና በአጥሩ ላይ አንገቷን እያሰገገች «ጋሼ፣ ሠርኬ ምነው ጠፋች?» ስትለኝ «ብርድ ነው» እላታለሁ። ጆሮዋ ጨርሶ ሞተ ብላ ተስፋ ስትቆርጥ እያየሁ መብላቴ፣ መጸለዬ፣ መተኛቴ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያነቃኝ የመስከረሙ ደብዳቤህ ነው። ለሬዲዮና ለመስሚያ ትራንዚስተር የሚሠራው ፋብሪካችሁ ጀርማኒየም የሚባለውን ማዕድን ትቶ በሲሊከን ሊሠራ መሆኑን፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራህበት ክፍል በገና ሰሞን እንደሚዘጋ፣ በሃምሳ ዓመትህ እንደ ገና ተማሪ ልትሆን መሆኑን አዝነህ ጽፈህልኛል። በመካከሉ አንዲት መስመር አለች፤ «ጀርማኒየም ጥሩ ነበር፣ ጠላቱ ሙቀት ነው እንጂ» የምትል። እዚያ ስደርስ በጥቅምት ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ያውቀው ነበር፤ አሁን ግን በገዛ ወንድሜ ፊርማ ተረጋገጠብኝ።

በማግስቱ የሮቤ ገበያ ስለነበር ሠርከአዲስን ይዤ በፈረስ ጋሪ ወረድሁ። እዚያ ረጋሳ የሚባል ሰው አለ፤ ጦር ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ወታደር ሆኖ ሬዲዮ መጠገን የተማረ፣ አሁን ከኮርቻ ሻጮቹ ጎን ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ። ሣጥኗን በካቻቢቴ ከፈታትና አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየ፤ የውስጥ ዕቃዎቿ የተለበጡበት ሰም ቀልጦ ፈስሷል። «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ምን አግኝቶት ነው?» አለኝ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ «እርጥበት ገብቶት ይሆናል» አልሁት። ረጋሳ ቀና ብሎ አየኝና «እርጥበት ሰም ያቀልጣል እንዴ ጋሼ?» አለ። ኮርቻ ሻጩ ሣቀ። ሠርከአዲስ ምን እንደ ተባለ ሳትሰማ የእኔን ፊት ታያለች።

ረጋሳ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። «የድሮው ቫልቮላ ካልሞቀ አይናገርም። ይህ ትራንዚስተር ደግሞ ሲሞቀው እንደ ሰከረ ዘበኛ ነው፤ በሩን ከፍቶ ሁሉን ያሳልፋል፤ በዝቶ ከሞቀው ደግሞ በዚያው ተኝቶ ይቀራል።» ከሦስቱ ትራንዚስተሮች ሁለቱ ሞተዋል። እንደ እነርሱ ያለ የለኝም አለ፤ ግን ወድቆ ከተሰበረ አዲስ ሬዲዮ ያወጣቸው የሲሊከን ነበሩት። ዝም ብለው በቦታቸው ይገቡ እንደ ሆነ ብጠይቀው «ሙሽራ አዲስ ቤት ስትገባ ዕቃው ሁሉ እንደ ነበረ ይቀመጣል? ጎረቤቶቹንም እለውጣለሁ» ብሎ ጥቃቅን ቀለበት ያለባቸውን ነገሮች እየነቀለ በሌላ ተካ። ሲበይድ የትራንዚስተሩን እግር በወረንጦ ይይዝ ነበር፤ ሙቀቱ ወደ ላይ እንዳይወጣበት ነው አለኝ። አንድ ተራ ጠጋኝ የሚያውቀውን እኔ ከነመጽሐፌ አላወቅሁም።

ሲጨርስ ፍሬዋን ለሠርከአዲስ ሰጣት። ከጀርባዋ ዞሮም በኦሮምኛ «እማማ፣ ፈረስ መጣብሽ!» አላት። እሷ ዘወር እንኳ ሳትል በዚያው በኦሮምኛ «ፈረስህን ያዝ ልጄ፣ ኮቴው እኮ አይሰማም» አለችው። ገበያው ሁሉ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም፤ ከኮርቻ ሻጩ በርጩማ ለምኜ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

እዚያው ተቀምጬ ነገርኋት። «ሠርኬ፣ ጆሮሽ አልነበረም። እኔ ነኝ ማንደጃ ላይ ያቃጠልሁት» አልኋት። «አውቃለሁ» አለችኝ። እንዴት ብላት «ጆሮዬ ነው እንጂ አፍንጫዬ መቼ ደነቆረ? ከኪዳን ስመለስ ቤቱ የቀለጠ ሰም ይሸት ነበር፤ የሣጥኑንም ጎን በጣቴ ዳስሼዋለሁ» አለች። «ታዲያ አራት ወር ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንተስ?» አለችኝ። ረጋሳ ጎንበስ ብሎ ካቻቢቴውን መጥረግ ጀመረ። እሷም «ጆሮዬ ነው ያልሁህም ትነግረኛለህ ብዬ ነው። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ አለቀ» ብላ እጄን ይዛ አስነሣችኝ። ወንድሜ፣ ከጀርባዬ የወረደው ሸክም ምን ያህል እንደ ነበረ ያወቅሁት ወደ ጋሪው ስንሄድ ነው፤ እርምጃዬ እንደ ጎረምሳ ሆነ።

ስለ ሥራህ ልበል። ሲሊከን ከአሸዋ ይወጣል ብለህ ስትጽፍልኝ አላመንሁህም ነበር፤ ትናንት ከቶጎና ዳር አሸዋ ዘግኜ ብዙ አየሁት። ክፍሉ ቢዘጋ የሠራኸው አልባከነም። ያንተ እጅ ያረፈበት ጀርማኒየም ለሠርከአዲስ ዘጠኝ ቀን ተናግሯል፤ አንዱም ከሁለቱ አዲሶች ጋር አሁንም እዚያው ሣጥን ውስጥ ይሠራል። እኔ በሰባ ዓመቴ ማንደጃውን ከዕቃ ማራቅ ከተማርሁ አንተ በሃምሳ ምን ያቅትሃል? የሞቱትን ሁለቱን በወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ከገዳያቸው ጋር የታረቁ መሆናቸውን እወቅልኝ።

ይህን ስጽፍ ሁለቱ ሴቶች አጥሩ ላይ ናቸው። ነገሩ ለሞሚና ከደረሰ ሰንብቷል፤ አሁንም ሆን ብላ እንድሰማው «ጸሐፊሽ ዛሬ ደግሞ ምን እየጠበሰ ነው?» ትላለች። ሠርከአዲስ «ተዪው፣ ለወንድሙ ንስሐ እየገባ ነው» ትላታለች። እኔም እየሰማሁ መስኮቱን አልዘጋም።

ለጤቤ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ለመስሚያው ሣጥን ለስላሳ ጨርቅ ሰፍታ መላኳን ሠርከአዲስ ሁልጊዜ ታነሣዋለች። ለልጆችህ የአጎታቸውን መሳም አድርስልኝ፤ አማርኛ እንዳይረሱ በሳምንት አንድ ገጽ አጽፋቸው። ሞሚና ከነባሏ፣ እርሱም አሁን ድኖ ከብቱን እያገደ ነው፣ እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሃል። ረጋሳ ስምህን ከሰማ ወዲህ «ለዚያ ለፋብሪካው ሰው» እያለ በአካል እንደሚያውቅህ ሁሉ ሰላምታ ይልካል።

ሠርከአዲስ ግን ሰላምታዋን በእኔ ቃል እንዳልጽፍ ከለከለችኝ። ከአጥሩ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና «መጀመሪያ የጻፍኸውን አንብብልኝ፤ ያጎደልኸው ካለ እኔ እሞላለሁ» አለች። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ፣ ለራሴ እንደማነብ ሆኜ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብሁላት። አንድም ቦታ አላስደገመችኝም። ስጨርስ «ምንም አላጎደልህም፤ እትዬ ሠርኬ ሰምታለች ብለህ ጻፍለት» አለችኝ።

ወንድምህ ኃይለየሱስ
ጎባ፣ ባሌ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.