ፊት የነሳን ሐይቅ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ይድረስ ስልክ ለማያነሳው ወንድሜ ለካሚል። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ በሙቀት የሚነሳብህ ራስ ምታት ተወህ? የምትነዳው የጭነት መኪናስ ደህና ነው? ደማም ተስማምቶህ ሥጋ ለበስክ ወይስ እንደ ድሮው ቀበቶህን በምስማር እየበሳህ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አንተ ባትጠይቅም ደህና ነን።

ልጄን «ሱሃይላ በያት» ብለህ ልከህብኝ እኔ ሲሃም ካልኳት ቀን ጀምሮ፣ ይኸው ዓመት አለፈው፣ ድምፅህን አልሰማሁም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ዓረብ አገር በሚመጡት በእትዬ ሰሊማ እጅ ልኬዋለሁ። ፊታቸው ካላነበብክ ከቤትህ እንዳይወጡ አደራ ብያቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ አንዴ ከተቀመጡ እንደማይነሱ ታውቃለህ።

አሁን የሄድንበትን ሐይቅ ጉድ ስማኝ። ለዒድ ባለቤቴ ኡበይደላ ሚኒባሱን ከአሰላ መስመር አስወጥቶ ሐይቅ ላሳያችሁ አለ። ከጎባ በላይ፣ ሳነቴ ላይ፣ ተራራ መሀል የተኛ ሐይቅ በስልኩ አይቶ ኖሮ ልቡ ሄዷል። እማዬ ሐይቅ ሲባል የምታውቀው ላንጋኖን ነው። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣ አንድ ትልቅ ሐብሐብና እሱን የሚያቀዘቅዝ ሙሉ ሳጥን በረዶ አስጫነች። እኔም ለሲሃም የዋና ልብስ ይዤላት ነበር፤ ብትስቅ አልፈርድብህም።

አክስታችን ዋፊቃም አብራን ነበረች። እሷና እማዬ ግን ከረመዳን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። አክስቴ አፍጥር ላይ የእማዬን ሳምቡሳ ዘይት የጠጣ ነው ብላ በሰው ፊት በሶፍት ጨምቃዋለች። አንዷ ሄዳ ሌላዋ እንዳትቀር ሁለቱም ተሳፈሩ። እማዬ ከፊት፣ አክስቴ ከኋላ፣ እኔ መሀል። እማዬ «እህቴን መስኮቱን ዝጊ በይልኝ» ትለኛለች፤ አክስቴ ደግሞ «እህቴን ያን ሁሉ ዘይት የጠጣ ሰው አይበርደውም በይልኝ» ትለኛለች። እስከ ጎባ ድረስ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ሳስተረጉም ዋልኩ።

በማግስቱ ሳነቴ ስንወጣ ብርዱ ጥርሳችንን አንቀጫቀጨው። አስጎብኚያችን ኦሊቃ ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቧል፤ የእማዬን ነጠላ ጫማ አየና ጋቢውን ይበልጥ ተከናነበ። ከዚያ ድሮ ድሮ ተራራውን ግግር በረዶ ሸፍኖት እንደነበረ፣ በረዶው ቁልቁል ሲንሸራተት ዓለቱን ፍቆ የሐይቁን ጉድጓድ እንደቆፈረው አስረዳን። ኡበይደላ ይህን ሲሰማ የተሸከመውን ሳጥን አየና በሳቅ ፈረሰ። ለካ ከአዳማ በረዶ ጭነን የመጣነው በረዶ ወደ ወለደው ሐይቅ ነው። ብንከፍተው አንዷም አልሟሟችም።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ሐይቅ የለም፤ ነጭ ጭጋግ ብቻ። ኦሊቃ እዚያ ታች ነው ብሎ በእጁ ያሳየናል፣ እኛ እጁንም በቅጡ አናየውም። የአባቶቹን ተረት ያመጣው ያኔ ነው። ይህ ሐይቅ ቂም የያዘ ሰው ሲመጣ ፊቱን ይሸፍናል አለን። እዚያው ለእኛ ብሎ የፈጠረው ይሁን አላህ ይወቀው። እማዬ ግን ዘወር ብላ አክስቴን አየቻት፤ አክስቴም እማዬን።

ቀድማ የተሸነፈችው አክስቴ ናት። ሳምቡሳው ያን ያህልም አልነበረም፣ አውፍ በይኝ አለች። እማዬም ዘይቱ በደንብ ሳይግል ነው የጨመርኩት ብላ አመነችና ተቃቅፈው አለቀሱ። ጭጋጉ ንቅንቅ አላለም። ኡበይደላ ደራ ላይ ተሳፋሪ ለሚነጥቀው ሾፌር ወደ ገደሉ እየጮኸ አውፍ አለው። ምንም። በመጨረሻ ኦሊቃ ራሱ በቅሎውን ተውሶ ያልመለሰለትን አማቹን ይቅር አለ። አሁንም ምንም!

ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ከማንም አልተጣላሁም አልኩ። እማዬ ስምህን ጠራች። ያኮረፈው እሱ ነው፣ እሱ መጥቶ ሐይቁን ይለምን ብዬ ድርቅ አልኩ። ጭጋጉ ይባስ ብሎ እኛንም ዋጠን። ሐይቁን ሳናይ ወርደን ሐብሐቡን ጎባ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበን በላነው። አሁን እማዬ ልጄ በእልኸኝነቷ ሐይቅ አስቀረችብኝ እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች። ከአክስቴ ጋር እኔን በማማት ፍቅራቸው ጠንቷል።

ካሚል፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ሐይቁ አልቆጨኝም። የቆጨኝ ስምህ ሲጠራ ድርቅ ማለቴ ነው። ናፍቀኸኛል። ሲሃም አፍ ፈትታለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር «ካሚ?» ትላለች፤ ከእኔ አፍ የለቀመችው ነው። ስሟ ግን ሲሃም ነው፣ አይቀየርም።

እማዬ ዓይንህን ያሳየኝ ብላ ዱዓ ታደርግልሃለች። አክስትህ ዋፊቃ መጥተህ ሳምቡሳውን ቅመስና ፍረድ ትላለች። ኡበይደላ እጅህን ይጨብጣል። ሲሃም ትስምሃለች። ሐይቁም ሰላም ብሎሃል እንዳልልህ አልተገናኘንም።

አንድ ሌላም ሰላም የሚልህ አለ፤ እሱ ገና ስም የለውም። ሆዴ ውስጥ ነው፣ ከኡበይደላ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ለእማዬም አልነገርኳትም። ስሙን የምታወጣለት አንተ ነህ። ሴት ከሆነች ሱሃይላ በላት። ብቻ ራስህ ደውለህ ንገረኝ፤ በእትዬ ሰሊማ እጅ የመጣ ስም አልቀበልም።

እህትህ ፋዲላ
አዳማ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.