ሕመማቸውን ያልደበቁት የመምህርት አለሚቱ ዳምጠው የሕይወት ታሪክ

መምህርት አለሚቱ ዳምጠው ከአባታቸው ከአቶ ዳምጠው ካሳዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይንሸት ወንዳወቅ ሚያዝያ 12 ቀን 1970 ዓ.ም በሀብሩ ወረዳ በግራና ተወለዱ። ባረፉበት ዕለት የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። ቀኑ አልተሳሳተም፤ በዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ፎቶግራፍም የእሳቸው እንጂ የእናታችን አይደለም። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ስዩም ነኝ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በግራና፣ ሁለተኛ ደረጃን በመርሳ ተከታትለው፣ ደሴ ላይ በመምህርነት ሠልጥነው፣ ከ1991 ዓ.ም ጀምሮ በመርሳ ባዮሎጂ አስተምረዋል። በ1993 ዓ.ም የሥራ ባልደረባቸውን መምህር አማኑኤል ተስፋዬን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ልጃቸውን ሊዲያን ወልደዋል። የሠርጋቸው ዕለት ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር። ሠላሳ ሳይሞላቸው የዐይን ሞራ ጋረዳቸው፤ ድምፃቸው ቀጠነ፤ የእግራቸው ቁስል አልድን አለ። አንድ አዲስ የመጡ ርእሰ መምህር የጡረታ ጊዜያቸው አልፎ እንደሆነ በትሕትና ቢጠይቋቸው፣ «ጡረታ ስወጣ እርስዎ ይሸኙኛል፤ አሁን ክፍል ረፍዶብኛል» ብለው ጠመኔያቸውን ይዘው ገቡ።

ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «‹ባደረባቸው ሕመም› ብለህ እለፈው፤ ሊዲያ ገና ያልተዳረች ልጅ ናት» ብሎኛል። አላልፈውም። ሕመሙ ቨርነር ሲንድሮም ይባላል። ሰውን ያለ ዕድሜው የሚያስረጅ፣ ከእናትም ከአባትም በኩል ሲወረስ የሚመጣ በሽታ ነው። እርግማን አይደለም። ቡዳም አይደለም። እናታችን ምንም አልበደሉም። እህቴ ጠበል ተጠምቀዋል፤ ሐኪም ጋም ሄደዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር አጣልቷቸው አያውቅም። በዚህ ምክንያት ሊዲያን የሚሸሽ ካለ ዛሬውኑ ይሂድ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ይህን ቃል ጻፍልኝ ያለችኝም ራሷ ሊዲያ ናት።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም በሽታውን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከክንዳቸው ላይ ትንሽ ቆዳ ጠየቁ። የቆዳውን ሕዋስ በቤተ ሙከራ ወደ ልጅነቱ መልሰው ስቴም ሴል የሚባለውን ያደርጉታል። ከዚያም ልብ ወይም ደም ሥር እንዲሆን አሳድገው እርጅናው ከየት እንደሚጀምር ያያሉ፤ መድኃኒትም ይሞክሩበታል። እህቴ ይህን ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ሲቲ ሲያስረዱ፣ ሲቲ «ወላሂ ጉድ ነው! ታዲያ አንቺንስ አይመልሱሽም ወይ?» አሏቸው።

«እኔማ አለፈኝ። ለስዩም ይደርሱለት እንደሁ ብዬ ነው» አሉ።

እኔም በሃያ አምስት ዓመቴ ሸብቻለሁ።

ናሙናው ወልድያ ተቀምጦ ወደ አዲስ አበባ መላኪያ ሲጠብቅ ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደረሰ። መብራት ጠፋ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ናሙናው ተበላሸ። ቆዳው የተወሰደበት ቀኝ ክንዳቸውም መድኃኒት በጠፋባቸው በእነዚያ ወራት አመረቀዘ። ወጣት እየመረጡ የሚያስቆሙ ታጣቂዎች እሳቸውን «እማማ፣ ይለፉ» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ያልፉና ለራሳቸውና ለሰፈሩ የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒት ከውርጌሳ በነጠላቸው ቋጥረው ያመጡ ነበር። ቤት ሲገቡ በሳቅ ፍርስ ይላሉ። እኛ ግን በፍርሃት አልቀን ነበር የምንጠብቃቸው።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም ተመራማሪዎቹ እንደገና ጠየቁ። ሐኪሙ አዲሱ ቁስል ጭራሽ ላይድን እንደሚችል ነገሯቸው። እኔም አይሆንም ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው የግራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና «ይኼንን ለማን ላስቀምጠው ነው?» አሉኝ። ናሙናውን በረዶ በተሞላ ሳጥን ታቅፌ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ያደረስሁት እኔው ነኝ።

በመስከረም 2015 ዓ.ም ሕዋሳቸው ወደ ስቴም ሴል ተለውጦ እያደገ መሆኑ በስልክ ተነገራቸው። ጦርነቱ በቆቦ በኩል ዳግም ገፍቶ ሰው ዕቃውን የሚሸክፍበት ሰሞን ነበር። እሳቸው ሲቲን ጠርተው እልል አስባሉ። ሰፈሩ ጦርነቱ ያበቃ መስሎት ወጣ።

የግራ ክንዳቸው አልዳነም። ጥቅምት 4 ቀን 2015 ዓ.ም ልባቸው ደክሞ በመኖሪያ ቤታቸው በመርሳ አረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሊዲያንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ከጠዋት ጀምሮ ሽማግሌ መስዬአችሁ ወንበር የለቀቃችሁልኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስለሚደክመኝ ተቀምጫለሁ። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ቤት ሁለተኛ ሰው ይፈልጋሉ። ከሠልስቱ ማግስት ሄጄ ቆዳዬን እሰጣለሁ፤ ተው የምትለኝ እህት ባትኖርም ተው የሚለኝ ዘመድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ አልሰማም።

መሐሪው እግዚአብሔር የእህቴን ነፍስ ድካም በሌለበት ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። እኔን እያያችሁ የምታለቅሱ ግን ተዉ፤ የዛሬው ለቅሶ የእሳቸው ብቻ ነው።