ያን እጅ ስሜው ነበር

ውድ ልጄ፣

ፊደሌ ቢጣመም ከንዴት ነው፤ ከእርጅና እንዳይመስልህ። ከቀበርንህ ወዲህ ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይለኛል። ቀንህ አልደረሰም።

ዛሬ ቀዶ ሐኪምህን አገኘሁት። ለልብህ አዲስ የደም መንገድ ሊቀጥልልህ ሲል እጁን የሳምኩትን ሰውዬ። ያኔ «በደንብ ያዩታል አይደል?» ስለው፣ አንተ አልጋው ላይ ሆነህ «እማዬ፣ አታሳፍሪኝ! ሰውየው ሥራውን ያውቃል» ብለህ ሳቅክብኝ። በዚህም ተናድጄብሃለሁ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ስር በመቆንጠጫ ስይዘው፣ ውስጡ የተጋገረ ስብ ተሰብሮ ወደ ጭንቅላቱ ሄደ። ያልነቃው ለዚህ ነው» አለኝ።

«ስቡ እንዳለ አላወቁም?»

«በጣቴ ዳስሼው ነበር። ለስላሳ መሰለኝ።»

«ከጣት ሌላ ማያ የለም?»

አቀረቀረ። «አልትራሳውንድ አለ። ደም ስሩ ላይ አስቀምጠን ውስጡን እናይበታለን።»

«ተበላሽቶ ነበር?»

«አይ።»

«ታዲያ የት ነበር?»

«እዚያው ክፍል ውስጥ።»

ልጄ፣ እኔ አልትራሳውንድ የማውቀው ለነፍሰ ጡር ነው። ልጅህ በሆድ ሳለች የተነሳችውን ፎቶ መኪናህ መስታወት ሥር ለጥፈህ «አፍንጫዋ ያንቺ ነው፤ ምን ይደረግ!» ያልከኝን አልረሳሁም። ያልተወለደ ልጅ አፍንጫ የሚያሳይ ዕቃ አጠገቡ ቆሞ፣ እሱ ጣቱን አመነ!

ብድግ አልኩ። እርስዎ ማለቱንም ተውኩት።

«ልጄ ሹፌር ነበር። መኪና ወደ ኋላ ሊያስኬድ ሲል ወርዶ ሳያይ አይነዳም። ጓደኞቹ ሲስቁበት ‹ሕፃን ቢኖርስ?› ይላቸው ነበር። አንተ ግን በዳበሳ ነዳህበት!»

«ከእንግዲህ ለሁሉም በሽተኛ እንጠቀምበታለን» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ያንኑ እጅ። እጄን ከቦርሳዬ ላይ አላነሳሁም።

ቃሉን ብቻ አላምንም። እንዳንተ ወርጄ አያለሁ። ቀዶ ጥገና ባለ ቀን ሁሉ ከክፍሉ በር ፊት ለፊት አግዳሚው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ልጇን የምታስገባ እናት ስትመጣ «እጁን ከመሳምሽ በፊት፣ በምን እንደሚያይ ጠይቂው» እላታለሁ። ልጇ «አታሳፍሪኝ» ካላትም፣ ታሳፍረው። አፍሮ ቤቱ ይግባ።

ያን እጅ የሳመችው
እናትህ